ወደ 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ



ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ደውሎ፣ "ቲቸር፣ እኛ መሥሪያ ቤት አዲስ የተሾሙ የቡድን መሪዎች አሉ፤ ስለ አመራር አንድ ሰዓት ያህል ቢያጫውቷቸው?" አለኝ። ጡረተኛ ግብዣ አይገፋም፤ ሄድኩ። እንደለመድኩት የአበበ ቢቂላን ሮም አወራሁላቸው። ባዶ እግሩን፣ ችቦውን፣ የአክሱም ሐውልቱን። ጭብጨባው ደህና ነበር። ወደ ቤት ስመለስ ግን ታክሲ ውስጥ አንድ ነገር ከነከነኝ። ያን ሁሉ ዘመን ታሪክ ሳስተምር ሮምንና ቶኪዮን እንጂ ሜክሲኮን አንድም ቀን በቅጡ አስተምሬ አላውቅም። ምክንያቱን ዛሬ ልናዘዝ።

ሮም የበዓል ታሪክ ነው። ቀኑ ራሱ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ሩጫው አመሻሽ ላይ ተጀምሮ ጨለማ ውስጥ በቆስጠንጢኖስ የድል በር ሥር አለቀ። ሰዓቱ 2፡15፡16፣ ያኔ በዓለም ላይ ከተሮጠው ሁሉ ፈጣኑ። አበበ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም የተነጠለው፣ ሙሶሊኒ ከአክሱም አስነቅሎ ወስዶ ካቆመው ሐውልት አጠገብ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ እኔም ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። (አስተማሪ ትንሽ ተዋናይም ነው፣ ይቅር በሉኝ።) ቶኪዮም እንደዚያው ነው። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካወጣ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው በ2፡12፡11 ገባና ማራቶንን በኦሊምፒክ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከዚያ ሌላው ሯጭ እስኪመጣ ሣሩ ላይ ጅምናስቲክ መሥራት ጀመረ። ይሄን ለተማሪ ማስተማር ቀላል ነው። ራሱ ይናገራላ!

ሜክሲኮ ግን ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ላይ ናት፤ ቆላ ለለመደ ሯጭ ጭንቅ፣ ለአዲስ አበባ ሰው የቤቱ አየር። አበበ የለበሰው ቁጥር 1 ነበር። ዓለም ሦስተኛውን ወርቅ እየጠበቀ ነው። እግሩ ግን ታሟል። ወደ 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ከውድድሩ ወጣ።

ማሞ ወልዴ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደተናገረው፣ አበበ እንደማይጨርስ ነግሮት እንዲያሸንፍ አደራ ብሎታል። በሩጫ መሐል! ትንፋሽ በሚቆጠርበት ቦታ!

አሁን ማሞ ማን እንደነበር ልብ በሉልኝ። "የአበበ ተተኪ" ሲባል ብዙ ሰው አንድ ወጣት ይታየዋል። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ሁለቱም የ1924 ዓ.ም. ልጆች ናቸው፤ እንዲያውም ማሞ በሁለት ወር ገደማ ይበልጣል። ሁለቱም ክብር ዘበኛ ናቸው። ማሞ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ቡድን ውስጥ ነበረ፤ 800 እና 1,500 ሜትር ሮጧል። አበበ የሚባል ሯጭ ዓለም ከማወቁ በፊት ማለት ነው። ቶኪዮ ላይ በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ፣ ማራቶኑን ደግሞ አቋረጠ። ሜክሲኮ ውስጥ ከማራቶኑ አንድ ሳምንት በፊት በ10,000 ሜትር ከኬንያው ናፍታሊ ቴሙ ቀጥሎ ብር አገኘ። ዛሬ ስለ ልማድ የሚያወሩ ሰዎች "21 ቀን ደጋግመህ ሥራ" ምናምን ይላሉ። ማሞ ከሜልቦርን እስከ ሜክሲኮ አሥራ ሁለት ዓመት ነው የጠበቀው፣ ያውም ሌላ ሰው ስም እየጠራ ሕዝብ ሲጨፍር እየሰማ።

አደራውን ተቀበለ፣ በ2፡20፡26 ገባ። ሁለተኛው ጃፓናዊ ኬንጂ ኪሚሃራ ከሦስት ደቂቃ በኋላ ነው የደረሰው። ማሞ 36 ዓመቱ ነበር።

አበበ በታመመ እግር መጀመሩ ልክ ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እኔ አልነበረም ባይ ነኝ። ግን የወጣበት አወጣጥ! ዝም ብሎ ወደ ዳር መውጣት ይችል ነበር። አጠገቡ የነበረውን ሰው አየው፣ ነገረው፣ ከዚያ ወጣ።

አሁን ወደ ኑዛዜዬ ልምጣ።

እኔ የታሪክ ትምህርት ክፍል ኃላፊ የነበርኩት ለ14 ዓመት ነው። ከእኔ ጋር አብሮ የተመደበ፣ በአምስት ወር የሚበልጠኝ ባልደረባ ነበረኝ። ስሙን አልጠራም፣ አስፈቅጄው አይደለም የምጽፈው። ከእኔ የተሻለ ያነብ ነበር፤ ፈተና ሲያወጣም ተማሪው ወድቆ እንኳ "ፈተናው ጥሩ ነበር" ይላል። ርእሰ መምህሩ ሁለት ጊዜ "ለእሱ ብትለቅለትስ?" ብሎኛል። ሁለቱንም ጊዜ "የዚህ ዓመት ሮስተር ይለቅና" አልኩ። ሮስተር በየዓመቱ እንዳለ ታውቃላችሁ።

ቢሯችን ውስጥ አንድ የብረት ቁም ሳጥን ነበር። ካርታዎቹ፣ የማርክ መዝገቡ፣ የፈተና ወረቀቱ ሁሉ እዚያ ነው። ቁልፉ አንድ ብቻ፣ እሱም እኔ ኪስ ውስጥ። ይህን እንደ ትጋት ነበር የምቆጥረው። ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ እከፍታለሁ፣ ማታ ከሁሉም በኋላ እቆልፋለሁ። ጥሩ ልማድ ይመስላል አይደል?

አንድ ዓመት የ12ኛ ክፍል ሞዴል ፈተና ዕለት ሌሊቱን ታመምኩና ሐኪም ቤት አደርኩ። ያኔ ሁሉም ሰው ሞባይል የለውም። አራት ሴክሽን ተማሪ እርሳሱን ይዞ ከሁለት ሰዓት በላይ ቁጭ አለ። በመጨረሻ ቁም ሳጥኑ ተሰብሮ ወረቀቱ ወጣ፣ ጊዜው ስላለቀ ግን ፈተናውን በግማሽ ሰዓት ሠሩት። ውጤቱን መገመት አያቅትም። ከተማሪዎቹ አንዷ በዚያ ቀን ስታለቅስ እንደነበር ሰምቻለሁ።

ስመለስ ወቀሳ ጠብቄ ነበር። የሚወቅሰኝ ጠፋ። ለካ ባልደረባዬ ተማሪዎቹ ፊት ቆሞ "ቁልፉ ለእኔ ተሰጥቶ ነበር፣ የጣልኩት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ" ብሏቸዋል። እኔ ምን አደረግሁ? አመሰገንኩት፣ ለቁም ሳጥኑ አዲስ ቁልፍ አሠራሁ፣ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ሌላ ሦስት ዓመት ይዤው ዞርኩ። እሱ በሰኔ ጡረታ ወጣ፣ እኔ በአምስተኛው ወር ተከተልኩ። ቁልፉን ለአንድ ጎበዝ ልጅ አስረክቤ ወጣሁ፣ ኬክም ተቆረሰልኝ። እሱ ሲወጣ ኬክ ስለመኖሩ አላስታውስም።

ሜክሲኮን የማላስተምረው ለዚህ ነው። ሮም ላይ ራሴን አበበን አድርጌ ማየት እችላለሁ። ሜክሲኮ ላይ ግን አልችልም።

አንድ ነገር ልጨምር። አበበ ከሜክሲኮ አምስት ወር በኋላ፣ መጋቢት 1961፣ በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በ1964 ዓ.ም. ለሙኒክ ኦሊምፒክ በክብር እንግድነት ተጠራ፤ ስታዲየሙ ሙሉ ሰው ተነሥቶ አጨበጨበለት። የማራቶኑ ቀን ጳጉሜ 5 ነበር፣ ሮም ከሆነ ልክ አሥራ ሁለት ዓመት። አበበ በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ነው። ማሞ በ40 ዓመቱ ሮጦ ሦስተኛ ወጣ። አበበ ጥቅምት 1966 ዓ.ም. አረፈ።

ከዚያ ትምህርት ቤት የወጣችሁና ያን ሞዴል ፈተና የተፈተናችሁ ልጆች እዚህ ገጽ ላይ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ስትገናኙ "ቁልፉን የጣለው ቲቸር" እያላችሁ እንደምትስቁም ሰምቻለሁ። እሱ ቁልፉን አልጣለውም፣ በእጁም ነክቶት አያውቅም። ሐኪም ቤት አልጋው ራስጌ የተሰቀለው ኮቴ ውስጥ ነበር።