ተራ መጠበቅ፦ የአቅም ማነስ ወይስ ምርጫ?

በአንዳንድ የቪዲዮ ጨዋታዎች ተጫዋቹ ትእዛዝ ሰጥቶ የጠላቱን ተራ ይጠብቃል። ይህ የሆነው የጥንቶቹ መሣሪያዎች ደካማ ስለ ነበሩ ነው የሚለውን የተለመደ ማብራሪያ አልቀበልም።

ማስረጃዬ «ድራጎን ኩዌስት» ነው። ዩጂ ሆሪ «ዊዛርድሪ» እና «አልቲማ» ከተባሉት የአሜሪካ የኮምፒውተር ጨዋታዎች ተምሮ የነደፈው ይህ ሥራ በ1986 እ.ኤ.አ. በጃፓን ለኒንተንዶ ፋሚኮም ሲወጣ፣ «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» በዚያው መሣሪያ ላይ ከታየ ዓመት አልሞላውም። ማሪዮ በ40 ኪሎባይት ሲሮጥና ሲዘል፣ የሆሪ ካርትሪጅ 64 ኪሎባይት ነበረው። መሣሪያው ፍጥነትን አልከለከለም ማለት ነው። ሆሪ የመረጠው ሌላ ተጫዋች ነው፦ እጁ ያልፈጠነ፣ ትዕግሥት ግን ያለው። በፍልሚያ የወደቀ ግማሽ ወርቁን ያጣል፤ ያካበተው ልምድ አይነካበትም።

ጥበቱ በእርግጥ የጎዳው ፊደሉን ነው። ከካታካና ሃያ ያህሉ ብቻ ስለ ገቡ፣ በካታካና የሚጻፉ ስሞች ሁሉ ከእነዚያ መውጣት ነበረባቸው። (የፊደል ገበታ ቆጥረን ላደግን ለእኛ ቅጣቱ ግልጽ ነው።) ካርትሪጁ የተጫዋቹን ጉዞ መዝግቦ ማቆየትም አይችልም ነበር፤ ተጫዋቹ 20 ሆሄያት ያሉት የይለፍ ቃል በእጁ ይገለብጣል፣ አንዱን ከሳተ ድካሙ ሁሉ ይቀራል።

ለታሪክ ተመራማሪ ዋናው ምንጭ እንግዲህ የቱ ነው? ካርትሪጁ ሆሪ ምን እንደ ሠራ ይነግረናል። ማን፣ ስንት ምሽት፣ እስከ የት እንደ ተጓዘ የሚመሰክረው ግን በእርሳስ የተሞላው ደብተር ነው፤ እርሱን ደግሞ ሰብስቡ ያለን የለም።