ቅንፉና ቁጥሩ

የሒሳብ መግለጫ በወረቀት ብቻ በሚቀርብበት ዘመን፣ በቅንፍ የተከበበ ቁጥር ተቀናሽ መሆኑን ማንኛውም የሒሳብ ሰው በዓይኑ ይለየው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን፣ ከትላልቆቹ ኩባንያዎች ጀምሮ፣ መግለጫው ኤክስቢአርኤል በተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋም እንዲቀርብ ደነገገ። በዚህ ቋንቋ እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ መለያ አለው። «የተከፈለ የትርፍ ድርሻ» የሚለው መለያ የክፍያን ትርጉም በውስጡ ስለያዘ፣ ቁጥሩ ያለ መቀነስ ምልክት ይገባል። ሆኖም አንዳንድ አዘጋጆች ቅንፉን ከገጹ እንዳለ ገለበጡት፤ የወጣው ገንዘብም በኮምፒዩተሩ ዘንድ የገባ መስሎ ታየ። ገጹ ትክክል በመሆኑ ስሕተቱን በዓይን የሚያገኘው አልነበረም።

ኮምፒዩተር ደግሞ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚደመር ካልተነገረው ድምርን አያጣራም። በ2014 ኮሚሽኑ ይህን ዝምድና ሳያመለክቱ ለቀሩ ኩባንያዎች የፋይናንስ ኃላፊዎች የማሳሰቢያ ደብዳቤ ላከ። ማጣሪያው ራሱም ቢሆን ንጹሑን ይከስስ ነበር፦ 1.4 እና 1.4 ሚሊዮን 2.8 ናቸው፤ ሲጠጋጉ ግን 1 እና 1 ተደምረው 3 ይሆናሉ። ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ ሲበዛ (በየትኛውም መሥሪያ ቤት እንደሚታየው) እውነተኛውም ይናቃል። ማጠጋጋትን ያገናዘበው አዲስ የስሌት ደንብ የወጣው በ2023 ነው።

የ2009ኙ ድንጋጌ መለያዎቹ በኦዲተር እንዲመረመሩ አላስገደደም። ኦዲተሩ አስተያየቱን የሰጠው በገጹ ላይ ነበር፤ ተንታኙ በኮምፒዩተር የሚሰበስበው ቁጥር ግን ከመለያው የሚመጣ ነው።