መደበኛው የትኛው ነው?

በትምህርት ቋንቋችን ውስጥ “የማታ” የሚለው ቃል ጥሩ ስም የለውም። “ዲግሪ አለው” ይባልና ቆየት ብሎ፣ ድምፅ ቀነስ ተደርጎ፣ “የማታ ነው እኮ” ይጨመርበታል። “የርቀት ነው” ሲባል ደግሞ ድምፁ ይበልጥ ዝቅ ይላል። በቀን የተማረው “መደበኛ” ነው፤ ሌላው ሁሉ ትርፍ። እኔ ግን የትምህርታችንን ታሪክ ባገላበጥኩ ቁጥር ነገሩ ይገለበጥብኛል። ለመሆኑ በዚህ አገር መደበኛው የትኛው ነው?

ጥያቄውን ከአዲስ አበባ ይልቅ ከቆቦ ሆነን ብንጠይቀው ይሻላል። ቆቦ ከወልዲያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በራያ ቆላ ሜዳ ላይ፣ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ መንገድ ዳር የተቀመጠች ከተማ ናት። በስተምዕራብ ደጋው እንደ ግድግዳ ቆሞባታል። ከዚያ ግድግዳ ባሻገር ዋድላ አለ፤ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሙ የሚጠራ የቅኔ ቤት። በስተደቡብ፣ የጁ ውስጥ፣ ዳና አለ፤ በሼኾቹ የታወቀ የእስልምና ትምህርት ማዕከል።

በሁለቱም ዘንድ “ዕድሜህ ስንት ነው?” ብሎ የሚመልስ በረኛ አልነበረም። የቅኔ ተማሪ ስንት ዓመት ፈጀበት አይባልም፤ ቅኔው ቀናው ወይስ አልቀናውም ነው የሚባለው። ደረሳውም ኪታቡን ሲጨርስ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ካስፈለገውም ከአንዱ ሼኽ ወደ ሌላው ይሄዳል። ጎልማሳው ከልጁ ጎን ቢቀመጥ የሚስቅበት የለም። ኑሮውን አናሳምረው፤ የቆሎ ተማሪ እየለመነ ነበር የሚማረው። የጊዜውን ነገር ካየን ግን ዛሬ ዓለም “ተለማጭ ትምህርት” እያለ እንደ አዲስ ግኝት የሚያወራው ነገር ለእኛ አዲስ አልነበረም። አዲሱ በ18 ዓመት ገብቶ በ22 የሚወጣው ተማሪ ነው።

ይህ አዲስ ተማሪ የመጣው በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ነው። ከእሱ ቀደም ብሎ፣ በ1940 ዓ.ም. ገደማ፣ በመዲናይቱ “ብርሃንህ ዛሬ ነው” የጎልማሶች የማታ ትምህርት ቤት ሥራ ጀምሮ ነበር። ኮሌጁም ብዙ ሳይቆይ ለሠራተኞች የማታ ትምህርት ከፈተ። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረትም “ኤክስቴንሽን” የሚለው ቃል አብሮ ቀጠለ። ቀን መዝገብ ሲያገላብጥ የዋለ ጸሐፊ ማታ ደብተሩን ይዞ አራት ኪሎ ይገባ ጀመር። ዓለሙም በዚሁ መንገድ ላይ ነበር። የለንደን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1858 ጀምሮ ክፍሉን ላልረገጠ ሰው ፈተናውን ከፍቷል፤ የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ በ1946 ወደ ተልእኮ ትምህርት ዞሯል፤ የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1971 የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ተቀብሏል።

ታዲያ የማታ ትምህርት መብራት ይፈልጋል፤ አስተማሪ ይፈልጋል፤ ከትምህርት በኋላ ቤት የሚያደርስ መንገድም ይፈልጋል። እነዚህ ያሉት አዲስ አበባ ነበር። የራያ ገበሬ ጎልማሳ ሆኖ ለመማር በስፋት የተጠራው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ነው። በዘመቻው ብዙ ሰው ፊደል ቆጠረ፤ መማሪያዎቹ እያደር በ15 ቋንቋዎች ተዘጋጁ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የዩኔስኮ ሽልማት መጣ። የ1977ቱ ድርቅ ግን ይህንኑ አካባቢ አደቀቀው። ኮረም በዓለም ዜና ላይ ስሟ የተነሣው ያን ጊዜ ነው። ትናንት ፊደል የቆጠረ ገበሬ ዛሬ ለስንዴ ተሰልፎ ሲቆም፣ ማን ስለ ሁለተኛው መጽሐፍ ያወራል?

የዲግሪው ወሬ ወደ ቆላው የወረደው በመምህራን በኩል ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ ትምህርት ቤት በየቀበሌው ሲስፋፋ፣ የሠርተፊኬት መምህሩ ዲፕሎማ፣ የዲፕሎማው ዲግሪ ይያዝ ተባለ። መምህሩ ደግሞ ክፍሉን ዘግቶ አራት ዓመት አይሄድም። ስለዚህ ክረምት ክረምት ዩኒቨርሲቲ ይገባ ጀመር፤ ያልሆነለት ሞጁል ተሸክሞ በርቀት ተመዘገበ።

እነዚህን የክረምት ተማሪዎች ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ከመደበኞቹ በአንድ ነገር ይለያሉ፤ የሚነበበውን ከኑሯቸው ጋር ሳያመሳክሩ አያልፉም። “ፍቅር እስከ መቃብር”ን ስናነብ የቀን ተማሪዎቼ ስለ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ይጨነቁ ነበር። የክረምቶቹ ክርክር ስለ ገባሩ ነበር። ከራያ ቆላ የመጣ አንድ ጠና ያለ መምህር አባቱ የሚያውቁትን የመሬት ነገር አንሥቶ ክፍሉን በሙሉ ዝም አሰኝቷል። ያንን ማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ አላገኘውም ነበር።

የክረምቱ ፕሮግራም ዋጋም ከእነሱ የተማርኩት ነው። በራያ ቆላ ሐምሌና ነሐሴ የጠለፋ ወር ናቸው። ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ሲወርድ ገበሬው በአፈርና በቅርንጫፍ አቅጣጫውን አስቀይሶ ማሽላውና ጤፉ ማሳ ያስገባዋል። ጎርፉ ቀጠሮ የለውም፤ ሌሊትም ይመጣል። የአባቱን መሬት የሚያርስ መምህር እንግዲህ መምረጥ አለበት፤ ወይ ጎርፉን ይጠልፋል፣ ወይ ዲግሪውን። የትምህርቱን ጊዜ የቆረጠው ሰው ቆላውን አይቶ አያውቅም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የመክፈትና የመዝጋት ታሪክ ነው። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር በጥራት ጉድለት ምክንያት የርቀት ትምህርትን በመንግሥትም በግልም ተቋማት አገደ፤ እግዱ ከወራት በኋላ በቅድመ ሁኔታ ተነሣ። ጥራቱ ችግር አልነበረበትም አልልም፤ አሳይመንት በገንዘብ የሚያሠራ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ግን በቀን ትምህርት ኩረጃ ሲገኝ ፈታኙ ይጠየቃል እንጂ የቀን ትምህርት አይታገድም። በ2004 ዓ.ም. ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ሲጀምር ዲግሪ ለቆቦ የአንድ ሰዓት መንገድ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ቆላውን አጥለቀለቀው፤ ቆቦና ወልዲያ በትግራይ ኃይሎች እጅ በቆዩባቸው ወራት ሰው አለቀ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘረፈ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ቆቦ እንደገና የጦር ሜዳ ሆነች፤ ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልሉ የተነሣው ግጭት አለ። በዚህ መካከል የጀመረውን ሴሚስተር ያልጨረሰ የማታ ተማሪ ስንት ይሆን?

በሌላ በኩል በሩ ጠብቧል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ የተሰጠውን የመውጫ ፈተና ያለፉት ደግሞ ከአሥሩ አራት ያህል ነበሩ። የመውጫ ፈተናውን አልቃወምም። እንዲያውም የማታ ተማሪ ወዳጅ ሊሆን ይችላል፤ የቀኑም የማታውም አንድ ወረቀት ላይ ከተቀመጡ “የማታ ነው እኮ” የሚለው ሹክሹክታ መልስ ያገኛል። ግን ለፈተናው እኩልነት ካመጣን ለዝግጅቱም እናምጣ። ለቀኑ ተማሪ ቤተ መጻሕፍትና መምህር፣ ለማታው የደከመ ሞጁልና የደከመ መምህር ሰጥቶ በአንድ ሚዛን መመዘን ፍርድ አይደለም።

ምን ይደረግ? የቅኔ ቤቱ መልስ አለው፤ በዓመት ሳይሆን በችሎታ ቁጠር። ጦርነት፣ ድርቅ ወይም ወሊድ ያቋረጠው ተማሪ የጨረሰው ኮርስ ተይዞለት ይቆይ፤ ሲመለስ ከዜሮ አይጀምር። የክረምቱ ፕሮግራምም ለራያ ሰው የበጋ ፕሮግራም ይሁንለት፤ ማሽላው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከጥር ጀምሮ፣ በተከታታይ ቅዳሜና እሁድ ቢሰጥ ምን ይጎድላል? ወጪው ሬጅስትራሩ አንድ ተጨማሪ የጊዜ ሰሌዳ ማውጣቱ ነው። መምህሩ እንደሆን ከወልዲያ ቆቦ ወርዶ ለመመለስ የሚፈጅበት የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይደለም።