ክፍት ምንጭ፦ ስለ አንድ አዲስ ቃልና ስለ መልክዐ ምድር ትንታኔ

ከተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ወጥቶ ወደ መርካቶ የሚያቀና እንግዳ፣ ካርታ የሚባል ነገር በእጁ ባይዝ እንኳ፣ የሚሻውን ዕቃ በስሙ ጠርቶ ከጠየቀ የሚደርስበትን አያጣም፤ ያ ታላቅ ገበያ ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ጌሾ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እያለ ራሱን በራሱ ሰይሞ፣ ያልተጻፈ ካርታውን በተሸካሚውና በባለሱቁ ልቡና አኑሮ ይኖራልና። ጠያቂው ግን «ዕቃ የሚሸጠው የት ነው?» ያለ እንደ ሆነ፣ ተሸካሚው ሸክሙን አስተካክሎ መንገዱን ከመቀጠል በቀር ምን ሊመልስለት ይችላል? ይህን ያስቀደምሁት፣ ዛሬ ለአንባቢ ላስተዋውቀው የተነሣሁት ቃል በመጀመሪያ እይታ የባዕድ ነገር ቢመስልም፣ ከዚሁ ሰፈር ልማድ እምብዛም የራቀ ስላልሆነ ነው።

ቃሉ «ኦፕን ሶርስ» ሲሆን አማርኛው «ክፍት ምንጭ» ነው። አብዛኛው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሁለት አካል አለው፤ አንደኛው ደራሲው የጻፈው፣ ሌላም ዐዋቂ አንብቦ ሊረዳው የሚችል ጽሑፍ ነው፤ ሁለተኛው ያ ጽሑፍ ወደ መሣሪያው ቋንቋ ተመልሶ ኮምፒውተሩ ብቻ የሚፈጽመው ትእዛዝ ነው። ነጋዴ ኩባንያዎች በብዛት የሚሸጡልን ሁለተኛውን ብቻ ነው፤ ፊተኛውን ቈልፈው ያኖሩታል። ጽሑፉን ገልጠው «የፈቀደ ያንብበው፣ ይመርምረው፣ ያርመው፣ ቀድቶም ለሌላ ይስጠው» የሚሉት ደራስያን ሥራ በዚህ ስም መጠራት የጀመረው በ1990 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1998) ክሪስቲን ፒተርሰን የተባለች አሜሪካዊት ባቀረበችው ሐሳብ ነው። ከዚያ በፊት ይጠራበት የነበረው «ነጻ ሶፍትዌር» የሚለው ስም በእንግሊዝኛው ቋንቋ ለሁለት ወገን የሚፈታ ስለ ነበር ሰውን ያሳስት ነበር፤ በእኛም ዘንድ «ነጻ» ያልን እንደ ሆነ አንዱ ነጻነትን፣ ሌላው «በነጻ» የሚለውን፣ ማለትም ያለ ዋጋ መሰጠትን ይሰማል።

ስለ አማርኛው ፍቺ ጥቂት ልዘግይ። ከተክለ ሃይማኖት ጋር የሚጐራበተው ሰፈር «አብነት» ይባላል፤ አብነት ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ተማሪው አይቶ የሚከተለው፣ ቀድቶም የሚይዘው ምሳሌ ነው። የፕሮግራምን ዋና ጽሑፍ «አብነት» ብንለው ኖሮ፣ በግብሩ ከ«ምንጭ» ይልቅ ሳይቀርብ አይቀርም ነበር፤ እኔም ለብዙ ጊዜ ልቤ ወደዚያ ሲያዘነብል ቈይቷል። ነገር ግን አብነት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በአንድ ወገን ብቻ ይወርዳል፤ ተማሪ የመምህሩን አብነት አያርምም። ምንጭ ግን፣ ግእዙ ነቅዕ የሚለው፣ የቀጂዎቹ ሁሉ ነው፤ ሲደፈርስ የሚያጠሩት፣ ሲደረመስ የሚገነቡት፣ «የሚያጐለብቱት» ውኃውን የሚቀዱት ራሳቸው ናቸው። የክፍት ምንጭ ሶፍትዌርም ሕይወቱ ይኸው ነው። ስለዚህ አሁን በብዙ ሰው አፍ የገባውን «ክፍት ምንጭ» የሚለውን ፍቺ፣ ይህን የገጠሩን ምንጭ እያሰብን የምንናገረው ከሆነ፣ እጅግ ያማረ ነው እላለሁ፤ ከቧንቧ እንደሚቀዳ ያለ ጥበቃና ያለ ድካም የሚገኝ ነገር አድርገን ያሰብነው እንደ ሆነ ግን ቃሉን ይዘን ምሥጢሩን ጥለነዋል።

አሁን ወደ ካርታው ነገር ልመለስ። ከክፍት ምንጭ ሥራዎች መካከል ለአገራችን ከሁሉ ይልቅ ይበጃሉ ብዬ የማምናቸው የምድርን መልክ የሚመረምሩት ናቸው። ግራስ የተባለው በ1982 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአሜሪካ ጦር ሠራዊት መሐንዲሶች የምርምር ቤት ተጀመረ፤ ኪውጂአይኤስ የተባለውን ጋሪ ሸርማን በአላስካ ሳለ በ2002 ጀመረው፤ ሳጋ የተባለው ደግሞ በጀርመን አገር በጌቲንገን፣ በኋላም በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ ሊቃውንት እጅ አደገ። እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት ሥራ ባለሙያዎች «ቴሬን አናሊሲስ» የሚሉት ሲሆን በእኛ «የመልክዐ ምድር ትንታኔ» ይባላል፤ ይኸውም የየነጥቡን ከፍታ ተቀብሎ ዳገቱ ምን ያህል እንደሚያቀና፣ ፊቱን ወደ የት እንዳዞረ፣ ዝናሙ በየት በኩል እንደሚወርድና የትኛው ተፋሰስ ውስጥ እንደሚገባ አስልቶ የሚያሳይ ነው። አምባን ከሸንተረር፣ ዳገትን ከገደል፣ መስክን ከረግረግ ለይቶ መሰየም ለአማርኛ ተናጋሪ የቈየ ዕውቀቱ ነውና በዚህ ነገር ባዶ እጃችንን አልመጣንም።

ከፍታውስ ከየት ይገኛል? ኤንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኰራኵር በየካቲት 1992 ዓ.ም. በ11 ቀን ውስጥ ምድርን ከ60 ዲግሪ ሰሜን እስከ 56 ዲግሪ ደቡብ በራዳር ለካች፤ ያም ልኬት ምድርን በየ30 ሜትሩ ካሬ ከፍሎ ለእያንዳንዱ ካሬ አንድ የከፍታ ቍጥር ሰጥቷል፤ ዛሬም ማንም ሰው ያለ ዋጋ ያገኘዋል። ነገር ግን ራዳሩ ያየው ከላይ ያለውን ነው። በመርካቶ አንዱ ካሬ በትንሹ 900 ሜትር ካሬ የሚሸፍን ስለ ሆነ፣ በውስጡ የቆርቆሮ ጣራውን፣ መተላለፊያውንና ግድግዳውን አንድ ላይ አድርጎ ይዞአል፤ ከ1992 ዓ.ም. በኋላ የቆሙትን የገበያ ፎቆች ደግሞ አያውቃቸውም።

ባለፈው ክረምት አንድ የቅየሳ ተማሪ፣ ከተክለ ሃይማኖት ጕልላት ትይዩ በሆነ ፎቅ ላይ በተከራየው ክፍል ተቀምጦ የአዲስ አበባን ተዳፋትነት ሲያሰላ አገኘሁት። ውጤቱ በማያ ገጹ ላይ ሲወጣ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ያለው ምድር ሁሉ፣ ሰው በአካፋና በዶማ ደልድሎ ቤት የሠራበት ሜዳ ሳይቀር፣ 89 ዲግሪ የሚያቀና ገደል ሆኖ ታየ። «ጋሼ፣ ፕሮግራሙ ተበላሽቷል» አለኝ፤ ለአንድ ልምድ ላለው ባለሙያም «አልሠራ አለኝ» ብሎ ላከበት፤ ባለሙያውም «ምኑ?» ከማለት በቀር የሚመልሰው አልነበረውም። በማግሥቱ ግን ጥያቄውን እንደ ገና ጻፈ፦ የሶፍትዌሩን ስምና የእትሙን ቍጥር፣ የከፍታውን መረጃ ከየት እንዳመጣው፣ ካርታው በምን መለኪያ እንደ ተቀመጠ፣ የትኛውን ትእዛዝ እንደ ሰጠ፣ ምን ጠብቆ ምን እንዳገኘ በተራ ዘረዘረ። መልሱ በአንድ ዐረፍተ ነገር መጣለት፤ የአግድሙ ርቀት በዲግሪ፣ ከፍታው በሜትር ተለክቶ ሳለ ኮምፒውተሩ ሁለቱን አንድ ዐይነት መለኪያ አድርጎ ቈጥሯቸዋል ማለት ነው። አንድ ዲግሪ በምድር ላይ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለመሣሪያው ግን «አንድ» ብቻ ነው። ስለዚህም የዲግሪ 3600ኛ እጅ የምትሆን ስፋት ሦስት ሜትር ከፍ ብትል፣ ግድግዳ ሆና ትታየዋለች። ካርታው በሜትር ወደሚለካው፣ አዲስ አበባ ወዳለችበት ወደ 37ኛው የሰሜን የካርታ ዞን በተመለሰ ጊዜ ገደሉ ሁሉ ሜዳ፣ እንጦጦም ተራራ ሆነ።

የተማሪው ስሕተት ከዚህ የከበደ መዘዝ ሊያመጣ በቻለ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 456፣ ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነው ደግሞ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት እርከን ሲሠራለት ብቻ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ሕጉ የተናገረው በመቶኛ ነው፤ ሶፍትዌሩ ግን ካልታዘዘ በቀር በዲግሪ የሚናገርበት ጊዜ ብዙ ነው። ስድሳ በመቶ ማለት 31 ዲግሪ ያህል ነው፤ ስድሳ ዲግሪ ማለት ግን 173 በመቶ ነው። ሁለቱን ያላስተዋለ ባለሙያ 40 ዲግሪ የሚያቀናውን፣ ማለትም 84 በመቶ የሆነውን ገደላማ መሬት፣ በእርከን ይታረሳል ብሎ በካርታው ላይ አረንጓዴ ሊቀባው ይችላል፤ በዚያ ቀለም የሚኖረውም የገበሬው ቤተ ሰብ ነው።

ሌላው፣ አሁንም ሰውን የሚያደክመው ነገር «አዲንዳን» ይባላል። አዲንዳን በናይል ዳር፣ በግብጽና በሱዳን ድንበር አጠገብ የነበረ ቦታ ሲሆን፣ የቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ያሳተማቸው የ1፡50,000 ካርታዎች መነሻ ልኬት የታሰረው በእርሱ ነው። ዛሬ በእጃችን የያዝነው ስልክ ግን ቦታውን የሚነግረን በሌላ መነሻ፣ ዓለም ሁሉ በሚሠራበት በደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው። የሁለቱ ልዩነት በአዲስ አበባ ከ200 ሜትር በላይ ስለሚሆን፣ ከድሮው ካርታ የተነበበውን ቍጥር እንዳለ ወደ አዲሱ ያስገባ ሰው፣ የተክለ ሃይማኖትን ቤተ ክርስቲያን ከዐጸዷ አንሥቶ ወደ ደቡብ፣ ጥቂትም ወደ ምዕራብ አዘንብሎ፣ ከሰው ግቢ ውስጥ ያቆማታል። ስለ ርስት ወሰን በሚከራከር ሕዝብ መካከል 200 ሜትር ቀላል ነገር አይደለም።

እስከዚህ ድረስ ያልነው መልስ ከሩቅ አገር ሰውም ሊገኝ ይችላል፤ ምንጩ ክፍት የሆነ ሥራ በረከቱ ይህ ነውና። ነገር ግን የሩቁ ረዳት ሊያውቀው የማይችለው አለ። የውኃን መውረጃ ለማስላት ለሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚሰጠው ምክር «ጕድጓዱን ሁሉ ሙላ» የሚል ነው፤ በልኬት ስሕተት የተፈጠረ ሐሰተኛ ጕድጓድ ውኃውን እንዳያስቀረው መሣሪያው ይሞላዋል፤ ውኃ ሁሉ በመጨረሻ ባሕር ይገባል ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። በእኛ አገር ግን ይህ በሁሉ ቦታ አይሠራም። በአዲስ አበባ ጣራ ላይ የወረደው ዝናም ወደ ትንሹ ወይም ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባል፤ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ አዋሽም ሰምጥ ሸለቆውን ይዞ አፋርን ካቋረጠ በኋላ በአቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል እንጂ ባሕር አይደርስም። ዳሎልም ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ወርዶ ይገኛል፤ ያ ሐሰተኛ ጕድጓድ ሳይሆን የእግዚአብሔር ሥራ ነው። ምክሩን እንዳለ የተቀበለ ሰው አፋርን ደፍኖ፣ አዋሽንም ወደ ባሕር ያፈስሰዋል። እንግዲህ ትንታኔው የመሣሪያው ነው፤ የሚወጣውን ቍጥር ከምድሩ ጋር አስማምቶ መፍታት፣ አባቶች ፍካሬ የሚሉት፣ ምድሩን የረገጠ ሰው ሥራ ሆኖ ይኖራል።

በዚህ ምክንያት ነው ዕርዳታን ከሩቅ ብቻ መጠበቅ አይገባንም የምለው። በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ትምህርት የሚያስተምሩ መምህራን አሉ፤ በየወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤትም በራሱ ጥረት ኪውጂአይኤስን የተማረ ወጣት አይጠፋም። የሚጐድለን መልሱ በሰው ልቡና ብቻ መቅረቱ ነው፤ የመርካቶው ተሸካሚ ቀኑ ሲደርስ ካርታውን ይዞት እንደሚሄድ ሁሉ፣ የአዲንዳንን ነገር ዐሥር ጊዜ የፈታ ባለሙያም ለዐሥራ አንደኛው ጠያቂ የተጻፈ ነገር ሳያኖርለት ጡረታ ይወጣል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ምንጭ የቀዳህ እንደ ሆነ፣ ስትጠይቅ እንደዚያ የቅየሳ ተማሪ ሁለተኛ ጥያቄ ነገሩን ሁሉ ዘርዝረህ ጠይቅ፤ መልሱን ያገኘህ ዕለት ደግሞ ያሳሳተህን ነገርና የረዳህን መፍትሔ፣ የሶፍትዌሩን የእትም ቍጥርና ቀኑን ጨምረህ፣ በአማርኛ ጻፍና ከአንተ በኋላ ለሚመጣው አኑርለት።