መድኃኒት የማይበግረው

«መድኃኒት የማይበግረው ስኪዞፍሬኒያ» የሚለው ስያሜ እንዲሁ የሚለጠፍ አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመው የባለሙያዎች ስምምነት እንደሚለው፣ ታማሚው ቢያንስ ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶችን፣ እያንዳንዱን በበቂ መጠን ቢያንስ ለ6 ሳምንት በአግባቡ ወስዶ ሕመሙ ካልቀነሰለት ነው ስሙ የሚሰጠው።

በምሥራቅ ሱዳኗ ገዳሪፍ ይህ መስፈርት ይፈተናል። በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ የሸሹ ሰዎች እዚያው ባለው የኡም ራኩባ መጠለያ ሰፈሩ፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ራሷ በጦርነት ስትታመስ፣ ሽሽቱ በጋላባት በኩል ወደ መተማ ዞረ። በዚህ መሀል ክኒኑ የተቋረጠበት ሰው የሌለ ድምፅ መስማት ቢጀምር በሽታው መድኃኒቱን አሸነፈው አይባልም። መድኃኒቱ መቼ ተገኘና!

መስፈርቱ በእርግጥ ከተሟላ ቀዳሚው አማራጭ ክሎዛፒን ነው። ነጭ የደም ሴልን ሊያመናምን ስለሚችል ግን ተደጋጋሚ የደም ምርመራ ይፈልጋል፤ ላቦራቶሪ ለራቀው የድንበር ከተማ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

የራስ ቅል ሳይከፈት አንጎልን ማነቃቃት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንዱ ዘዴ በማግኔት ይሠራል፦ ከግራ ጆሮ በላይ ባለው የአንጎል ክፍል ላይ፣ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ አንድ ምት እየሰጠ ታማሚውን የማይተወውን ድምፅ ለማብረድ ይሞክራል። ሌላው እስከ 2 ሚሊአምፒር የሚደርስ ደካማ ኤሌክትሪክ በጭንቅላት ቆዳ በኩል ያሳልፋል። ሁለቱም ሰውን አያንፈራግጡም፣ ማደንዘዣም አይፈልጉም፤ በዚህም ብዙዎች ከሚፈሩት የኤሌክትሪክ ሕክምና ይለያሉ። የጥናቶቹ ውጤት ግን የተደበላለቀ ነው፦ አንዳንዶቹ እፎይታ አሳይተዋል፤ ሌሎቹ ከማስመሰያ ሕክምና የተለየ ነገር አላገኙም። ዘዴዎቹ ክኒንን የሚያግዙ እንጂ የሚተኩ ተደርገው አይታዩም።