ሰም፣ ወርቅና «አንድም»፦ የቅኔ ቤት የንባብ ሥርዓት

በሀገራችን ግጥምን አንብቦ ምሥጢሩን መተርጎም ከዘመናዊ ትምህርት ቤት ጋር የመጣ ትምህርት አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ዘመናዊው ትምህርት ሲጀመር የዋሸራ፣ የጎንጅና የዋድላ የቅኔ ጉባኤያት ብዙ ትውልድ ያስተማሩ ነበሩ። የንባብ ሥርዓታቸውም ከክርስትና ትምህርት ተለይቶ የሚታይ አይደለም።

የቅኔ ተማሪ ዳዊት ከደገመ በኋላ የግእዙን ግሥና አገባብ እያጠና፣ ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይደርሳል። የመጀመሪያው ስም ራሱ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 2 የተነገረውን የቃና ዘገሊላን ሠርግ ያስታውሳል፤ ታሪኩን ያላወቀ ከደጅ ይቀራል። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ በነገራ ሰዓት ለመምህሩ ሲያሰማ፣ የሚታረመው ቃሉና የቤቱ ልክ ብቻ ሳይሆን ታሪኩና ምሥጢሩም ጭምር ነው። ሰሙ ከእርሻ ወይም ከጦር ሜዳ ተወስዶ ወርቁ የመጽሐፍ ምሥጢር ይሆናል። አንዳንዴም ነገሩ ይገለበጥና ሰሙ ከመጽሐፍ፣ ወርቁ ግን አጠገብ የተቀመጠውን ሹም የሚነካ ይሆናል። ስለዚህ ይህ ንባብ የምናኔ ብቻ ነበር ማለት ስሕተት ነው።

የመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤ ደግሞ ለአንድ ንባብ ብዙ ፍች ይሰጣል። መምህሩ አንዱን ፍች ተናግሮ «አንድም» ሲል ሁለተኛውን ያመጣል፤ ፊተኛው ግን አይሻርም። ከቅኔ ቤት ቅርሶች ሁሉ ለዛሬው መምህር እጅግ የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል።

ልብ ወለድ ሲመጣም ይህ ዐይን አልተዘጋም። በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚፈጸመው ክርስቲያን ያልነበረው ንጉሥ በመጠመቁ ነው፤ በቤተ ክህነት ለተማረ አንባቢ ይህ አጨራረስ እንግዳ አይሆንበትም። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ፣ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉትን የቅኔ ተማሪ በዛብህን የጥያቄ መነሻ አደረጉት። ይህን መጽሐፍ እንደ ስብከት ብቻ ያነበበ ሰው የስእለቱን ክብደት ያያል፤ ስእለቱ በልጁ ላይ ያደረሰውን ግን ያልፈዋል። ክርስትናውን ጨርሶ የማያውቅ አንባቢም ስእለቱ ለምን እንደሚያስጨንቅ አይገባውም።

በክፍል ውስጥ ቅኔ ብዙ ጊዜ እንደ እንቆቅልሽ ይቀርባል፦ ኅብረ ቃሉን አውጣ፣ ሰሙን ጻፍ፣ ወርቁን ጻፍ። መልሱ አንድ ነው፤ «አንድም» የለም። የሌላ ሃይማኖት ተከታይ የሆነውም ተማሪ ታሪኩ ስላልተነገረው ከደጅ ይቀራል። መፍትሔው ሃይማኖታዊውን ግጥም ከመማሪያ መጽሐፍ ማውጣት አይደለም። ታሪኩን እንደ ታሪክ አስቀድሞ መንገር ማንንም እመን አያሰኝም። የወሎን መንዙማ ለማስተማር የሚነሣ መምህርም የነቢዩን ታሪክ ሳይነግር ስንኙን ሊያስፈታ አይችልም። መርሐ ትምህርት አዘጋጆች ለእያንዳንዱ እንዲህ ያለ ግጥም አንድ ገጽ የታሪክ መግቢያ ቢጨምሩ፣ በጥያቄውም ግርጌ ለሁለተኛ ፍች ባዶ መስመር ቢተዉ፣ ሥራው ከዚያ ሊጀመር ይችላል።