ሜላኒን

ሜላኒን፦ ለፀጉርና ለቆዳ ጥቁረትን የሚሰጥ ቀለም ነው፤ ስሙ «ጥቁር» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። በሽታ አምጪ ፈንገሶችም የየራሳቸውን ሜላኒን ይሠራሉ፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

እንደ አዲስ አበባው የቆሻሻ መጣያ ቆሼ ያለ የሚበሰብስ ክምር የሚስማማው አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ የተባለው ሻጋታ ስፖሮቹን (የመራቢያ ቅንጣቶቹን) ሲያበጅ ስድስት ጂኖች ተባብረው ቀለሙን ያመርታሉ። ይህ የቀለም ልባስ ስፖሩን ከፀሐይ ጨረር ይጋርደዋል፤ ከአቧራ ጋር ሳንባ ከገባም ከነጭ የደም ሴሎች ይሸሽገዋል።

ኤችአይቪ መከላከያቸውን ያዳከመባቸውን ሰዎች ለማጅራት ገትር የሚዳርገው ክሪፕቶኮከስ የተባለው ፈንገስ ደግሞ ግሉኮስ ሲያጥረው ላኬዝ የተባለውን ሜላኒን ሠሪ ኢንዛይም አብዝቶ ይጠቁራል።

ቀለሙ ቢቀርስ? ሜላኒን መሥራት የተሳነው አስፐርጊለስ ነጭ ስፖር ያወጣል፤ በአይጦች ላይ በተደረገ ሙከራም የማሳመም ኃይሉ ቀንሶ ታይቷል።